መንደሩ ተገንብቶ ካለቀ በኋላ ሜዳውን ማን ይይዘዋል? ስለ ክፍት ቦታዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ መንደር ሲመረቅ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። ሳሩ ታጭዷል፣ ችግኞቹ በረድፍ ቆመዋል፣ አግዳሚ ወንበሩ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግማሹ ችግኝ ደርቋል። ኩሬው በደለል ተሞልቷል። የሜዳው አንድ ጥግ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ማን ይጠየቅ ሲባል ደግሞ መልስ የሚሰጥ ይጠፋል። አልሚው ስራውን ጨርሶ ሄዷል። ማዘጋጃ ቤቱ «አልተረከብኩም» ይላል። ነዋሪው «እኔ የገዛሁት ቤት ነው» ይላል።

ይህ ገጽ የተጻፈው በዚህ መሃል ለቆሙ ሰዎች ነው፤ ለነዋሪዎች ኮሚቴ፣ ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ፣ ለአልሚዎች፣ ለማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክፍት ቦታ ሲባል ፓርክ ማለት ነው?

ፓርክ አንዱ ነው። ግን የልጆች መጫወቻው፣ የኳስ ሜዳው፣ የወንዝ ዳሩ፣ የዝናብ ውሃ ማቆያ ኩሬው፣ ከግንባታው በፊት የነበረው ጫካ፣ በመንገዱና በቤቶቹ መሃል የቀረው ሳር ሁሉ ክፍት ቦታ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ትርፍራፊውን ነው። ከአጥር ጀርባ የቀረ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ጭረት፣ ማንም የማያልፍበት ተዳፋት፣ ከትራንስፎርመር ጎን ያለ ሦስት ማዕዘን መሬት። ፕላኑ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ይሞላሉ፤ «ይህን ያህል አረንጓዴ ቦታ ሰጥተናል» ለማለትም ይቆጠራሉ። በተግባር ግን ማሽን አይገባባቸውም፣ ሰው አይቀመጥባቸውም፣ ቆሻሻ ይከማችባቸዋል። በካሬ ሜትር ሲሰላ ከትልቁ ሜዳ ይልቅ እነሱን መያዝ ነው ውድ የሚሆነው። ስለዚህ ፕላን የማየት እድል ካገኛችሁ መጀመሪያ ትንንሾቹን ቁጠሩ።

ምን ያህል ቅርበትና ስፋት በቂ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ የሚመክረው እያንዳንዱ ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ ከግማሽ እስከ አንድ ሄክታር የሚሰፋ አረንጓዴ ቦታ እንዲያገኝ ነው። በእግር አምስት ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። በ2021 ደግሞ ሴሲል ኮናይነንዳይክ የተባሉ የከተማ ደን ባለሙያ «3፣ 30፣ 300» የሚባለውን ልክ አስተዋውቀዋል። ከቤት መስኮት የሚታዩ 3 ዛፎች፣ የሰፈሩን 30 በመቶ የሚሸፍን የዛፍ ጥላ፣ በ300 ሜትር ውስጥ አንድ ፓርክ። ለማስታወስ ቀላል ስለሆነ ብዙ ከተሞች እየተጠቀሙበት ነው።

እነዚህ ልኮች ግን ቦታው በአግባቡ ከተያዘ ነው ትርጉም የሚኖራቸው። ሰው የሚፈራው ሜዳ በ300 ሜትር ውስጥ ቢኖርም ጭራሽ ካለመኖሩ አይሻልም።

«ረጅም ጊዜ» ሲባል ስንት ዓመት ነው?

ዛፉን ጠይቁት። ዛሬ የተተከለ ትልቅ የሚሆን ዛፍ እውነተኛ ጥላ ለመስጠት ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ይፈልጋል። የሁለት ዓመት የጥገና ውል ይዞ የሠላሳ ዓመት ዛፍ መትከል አይገጥምም።

በእንግሊዝ ከየካቲት 2024 ጀምሮ ስራ ላይ በዋለው ደንብ መሰረት፣ አብዛኛው አዲስ ግንባታ የተፈጥሮ ሀብቱ (የእጽዋቱና የእንስሳቱ መኖሪያ) ከነበረበት ቢያንስ 10 በመቶ በልጦ እንዲገኝ ማድረግ አለበት። ለዚህ ተብሎ የለማው ቦታም ቢያንስ ለ30 ዓመት መያዝ አለበት። እኔ 30ን የማየው እንደ መነሻ ነው። ከለንደን ጎን ያለው የኤፒንግ ጫካ በ1878 በወጣ ህግ ለህዝብ መዝናኛ እንዲጠበቅ ተደርጎ ለለንደን ሲቲ ኮርፖሬሽን በአደራ ተሰጠ። እስከ ዛሬ እዚያው እጅ ላይ ነው። ቪየና በ1905 ከተማዋን የሚከብብ የደንና የሳር መሬት ቀበቶ እንዲጠበቅ ወሰነች። ያ ቀበቶ ዛሬም የከተማዋ ሰው የሚንሸራሸርበት ነው። ውሳኔውን ከፈረሙት ሰዎች አንድም በህይወት የለም። ረጅም ጊዜ ማለት እንዲህ ነው።

ባለቤትነቱ በማን እጅ ቢሆን ይሻላል?

በጣም የሚጠየቀው ይህ ነው። በጥቅሉ አራት መንገድ አለ።

አንደኛው ማዘጋጃ ቤት ነው። ቦታው በግልጽ የህዝብ ይሆናል፣ ማንም ሰው መግባት ይችላል፣ ወጪው ከግብር ይሸፈናል። ድክመቱ በጀት ነው። ገንዘብ ሲያጥር ከሆስፒታልና ከትምህርት ቤት በፊት የሚቆረጠው የአትክልት በጀት ነው። ለዚህ መላ ካበጁ ከተሞች አንዷ የአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ናት። በ1883 ራሱን የቻለ የፓርክ ቦርድ አቋቋመች። የቦርዱ አባላት በህዝብ ይመረጣሉ፣ ቦርዱም ለፓርክ የሚውል የራሱ የግብር ገቢ አለው። የፓርኩ ገንዘብ ከሌላው ኪስ ጋር ስለማይቀላቀል ሲጠፋም ማን እንዳጠፋው ይታወቃል።

ሁለተኛው የነዋሪዎች ማህበር ነው። ከቦታው አጠገብ የሚኖር ሰው ስለሆነ የሚወስነው ጉዳዩ ይገደዋል። ግን ስራው በሁለት ሦስት ትጉ ሰዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል። እነሱ ሲደክሙ ወይም ሲለቁ ማህበሩም አብሮ ይዳከማል።

ሦስተኛው የግል አስተዳደር ድርጅት ነው። ባለሙያና ማሽን አለው። ሆኖም ነዋሪው ድርጅቱን መቀየር ካልቻለ ክፍያው ሲያድግ፣ አገልግሎቱ ሲወርድ ማየት ብቻ ይሆናል እጣው።

አራተኛው ባለአደራ ድርጅት ነው፤ ትረስት የሚባለው። ትርፍ አይከፋፈልም፣ የተቋቋመበት ዓላማ ቦታውን መያዝ ብቻ ነው። የታወቀው ምሳሌ ሚልተን ኪንስ ነው። ይህ የእንግሊዝ አዲስ ከተማ ሲለማ ሰፊ አረንጓዴ መሬት ተትቶለት ነበር። በ1992 ያ መሬት «ፓርክስ ትረስት» ለተባለ ባለአደራ ድርጅት በ999 ዓመት ሊዝ ተላለፈ። ቁልፉ ነገር መሬቱ ባዶውን አለመሰጠቱ ነው። 20 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ መነሻ ሀብት አብሮት ተሰጥቷል። ድርጅቱ ያንን በሚከራዩ የንግድ ህንጻዎችና በሌላ ኢንቨስትመንት ላይ አውሎ በገቢው ፓርኮቹን ይይዛል። ዛሬ የሚያስተዳድረው መሬት ከ2,000 ሄክታር ይበልጣል።

የቱ ይሻላል? እኔ ከተጠየቅኩ፣ ለትልቅ መንደር ባለአደራ ድርጅት፣ ለትንሽ ሰፈር ደግሞ የራሱ የተለየ በጀት ያለው ማዘጋጃ ቤት እመርጣለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን የተከፋፈለ ባለቤትነት ነው። ሳሩ የአንዱ፣ መብራቱ የሌላው፣ ቦዩ የሦስተኛው። አንድ ቱቦ ሲደፈን ሦስት ደብዳቤ ይጻፋል፣ ቱቦው ግን እንደተደፈነ ይከርማል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከግብር፣ ከነዋሪ መዋጮ፣ አልሚው በርክክብ ጊዜ በአንዴ ከሚከፍለው ገንዘብ፣ ከቋሚ ፈንድ፣ ወይም ከቦታው ራሱ ከሚገኝ ኪራይ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቱ ተደባልቀው ነው።

በአንዴ የሚከፈለው ገንዘብ ላይ ሰዎች ይታለላሉ። ትልቅ ይመስላል። ሂሳቡን እንስራው። ቦታውን ለመያዝ በዓመት 100 ሺህ ያስፈልጋል እንበል። ፈንዱ ከዋጋ ንረት በላይ በዓመት 4 በመቶ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ዋናው ሳይነካ ቦታውን ለዘለቄታው ለመያዝ 2.5 ሚሊዮን ያስፈልጋል። የዓመቱ ወጪ 25 እጥፍ ማለት ነው። የሚያስገኘው 3 በመቶ ብቻ ከሆነ ደግሞ 33 እጥፍ ይሆናል። አልሚው የአምስት ዓመት ወጪ ከፍሎ ሲወጣ ያስረከበው ጊዜ መግዣ ነው። ስድስተኛው ዓመት ላይ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል።

ገንዘቡን ከመሬቱ ዋጋ ማውጣትም ይቻላል። «የአትክልት ከተማ» የሚባለውን ሀሳብ ያመነጩት ኢቤኔዘር ሃዋርድ ያሰቡትና በ1903 በእንግሊዝ በሌችዎርዝ ከተማ የተጀመረው ይህ ነው። መሬቱ በጋራ ይያዛል፣ ኪራዩ ለከተማዋ ጥቅም ይመለሳል። ከ1995 ወዲህ ሀብቱን የያዘው የከተማዋ ፋውንዴሽን ነው። ሀሳቡ ከመቶ ዓመት በኋላም ይሰራል። መሬቱ አንዴ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ግን ይህን መጀመር በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ነው የገንዘቡ ጉዳይ ከመጀመሪያው ቤት መሰረት በፊት ማለቅ ያለበት የምለው።

ሌላው የሚረሳው ነገር ዲዛይኑ ራሱ የዕለት ወጪን እንደሚወስን ነው። የሴኡሉ ቾንግየቾን ጅረት የላዩ አውራ ጎዳና ፈርሶ በ2005 ለህዝብ ሲከፈት ዓለም አደነቀው፤ የሚደነቅም ነው። ነገር ግን በጅረቱ ውስጥ የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው ከሃን ወንዝ በፓምፕ እየተገፋ የሚመጣ ነው። ፓምፑ ደግሞ በየቀኑ ኤሌክትሪክ ይበላል። ያን ያህል አቅም ያለው ከተማ ይችለዋል። ፏፏቴ ያሰራ አንድ መንደር ግን የመብራት ክፍያው ሲመጣ ፓምፑን አጥፍቶት ይቀራል። ያኔ የሚቀረው ደረቅ ሲሚንቶ ነው።

ነዋሪው በየወሩ መክፈሉ ፍትሃዊ ነው?

እንደ አከፋፈሉ ነው። ቦታው ለነዋሪው ብቻ የተከለለ ከሆነ መክፈሉ ተገቢ ነው። ግን ሜዳው ለማንም ክፍት ሆኖ፣ ነዋሪው ለማዘጋጃ ቤትም ግብር እየከፈለ፣ ለዚያው ሜዳ ሌላ ክፍያ ሲጨመርበት ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

ይህ ቅሬታ በእንግሊዝ ጎልቶ ወጥቷል። የአገሪቱ የውድድርና ገበያ ባለስልጣን በ2024 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት፣ አስራ አንዱ ትልልቅ ቤት ገንቢዎች በ2021 እና 2022 ከሸጧቸው አዳዲስ ቤቶች 80 በመቶው እንዲህ ያለ የአስተዳደር ክፍያ ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ምክንያቱ ማዘጋጃ ቤቶች መንገዱንና አረንጓዴ ቦታውን መረከብ መቀነሳቸው ነው።

ቤት ልትገዙ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ክፍያው ስንት ነው? በምን ያህል ሊጨምር ይችላል፣ ጣሪያ አለው? ሂሳቡን ማየት እንችላለን? ድርጅቱን መቀየር እንችላለን? ለትልቅ ጥገና የሚጠራቀም ገንዘብ አለ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቃትም። ክፍያው ዝቅተኛ የሆነው መጠባበቂያ ስለማይያዝ ከሆነ፣ የእግር መንገዱ ሲፈራርስ አንድ ትልቅ ደረሰኝ በራችሁ ስር ይገባል።

ርክክብ ላይ ምን መታየት አለበት?

ርክክብ የሚበላሸው ሁሉም ስለሚቸኩል ነው። አልሚው መውጣት ይፈልጋል፣ ተረካቢው ሪባን መቁረጥ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ደረቅ ምክር፦ በዝናብ ቀን ተረከቡ። በደረቅ ቀን ቦዩ ሁሉ ይሰራል። ውሃው የት እንደሚቆም፣ መንገዱ የት እንደሚሰምጥ፣ ተዳፋቱ የት እንደሚናድ የሚታየው ሲዘንብ ነው።

ከዚያ ውጪ አፈሩን ቆፍራችሁ እዩ። ሳር ተነጥፎበት ከስሩ የግንባታ ፍርስራሽ የተቀበረበት ቦታ ያጋጥማል። አንድ አካፋ ሰላሳ ሳንቲ ሜትር ካልገባ ችግር አለ። የሁሉም ቱቦና ኬብል ካርታ በእጃችሁ ይግባ፤ መጀመሪያ የታቀደው ሳይሆን በትክክል የተቀበረበትን የሚያሳየው። የወሰን ምልክቶቹ በቦታቸው መሆናቸውን በእግር ዞራችሁ አረጋግጡ። የደረቀ ችግኝ የሚተካበት ዋስትና ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት ይሁን። ያልተጠናቀቀ ነገር ካለ ዋስትና ገንዘብ ይያዝበት፤ «በኋላ እናስተካክላለን» የተባለ ነገር የውሃ ሽታ ሆኖ ነው የሚቀረው።

የአስተዳደር እቅድ ውስጥ ምን ይገባል?

ካርታ፣ በቦታው ያለው ነገር ዝርዝር፣ ቦታው ለምን እንደተፈለገ፣ በየወሩ የሚሰራው ስራ፣ ሰሪው፣ ወጪው። በየአምስት ዓመቱ ይከለሳል፣ እይታው ግን 25፣ 30 ዓመት ይሁን። ወፍራም መሆን የለበትም። አትክልተኛው ኪሱ ውስጥ ሊይዘው የማይችል እቅድ መደርደሪያ ላይ ነው የሚኖረው።

የተከልናቸው ዛፎች ለምን ይደርቃሉ?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ሁሌም አዝናለሁ። አብዛኛው ሊድን ይችል ነበር።

የመጀመሪያው ምክንያት ውሃ ነው። አዲስ ችግኝ ስሩ ወደ አካባቢው አፈር እስኪዘልቅ ሁለት ሦስት ዓመት በደረቅ ወቅት መጠጣት አለበት። ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት አይበጅም። ላይ ላዩን ብቻ ያረጥባል፣ ስሩም ወደ ላይ ይመጣል። አልፎ አልፎ፣ ግን ጠለቅ ብሎ እንዲገባ ማጠጣት ይሻላል።

ሁለተኛው የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ኤክስካቫተርና ከባድ መኪና የተመላለሰበት መሬት አየርና ውሃ አያስገባም። ስሩ ይታፈናል። ነባር ዛፎችን የሚገድለውም ይኸው ነው። ዛፉ በግንባታው ጊዜ ምንም የሆነ አይመስልም፤ ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። ያኔ ሰው በሽታ ነው ይላል። የብሪታንያ መመዘኛ ለዚህ ቀላል ስሌት አለው። የግንዱን ውፍረት (ዙሪያውን ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር ያለውን) በ12 ታበዙታላችሁ። ግንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በዙሪያው 6 ሜትር ድረስ ማሽን መግባት፣ አፈር መከመር፣ ሲሚንቶ ማቡካት የለበትም። አጥሩም የሚታጠረው ስራው ሳይጀመር ነው።

ሦስተኛው ያልተፈታ ገመድ ነው። ችግኙን ለማቆም ከችካል ጋር የታሰረው ገመድ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ካልተፈታ ግንዱን እያነቀ ይሄዳል። ዛፉ ያደገው በትክክል ስለተያዘ ነው፤ የሚሞተው የያዘውን ገመድ የፈታለት ስለጠፋ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን መቀስ ይዞ መንደሩን በሙሉ ሊዞር ይችላል።

ጉዝጓዝም (በዛፉ ስር የሚነጠፍ ደረቅ ሳርና ቅጠል) ይረዳል። እርጥበት ይይዛል፣ አረም ይቀንሳል። ግን ከግንዱ ጋር መነካካት የለበትም፤ ቅርፊቱን ያበሰብሰዋል። በተጨማሪ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አትትከሉ። አንድ ተባይ ወይም በሽታ የገባ ቀን መንገዱ ሙሉ ይራቆታል።

ሳሩ ሁልጊዜ መታጨድ አለበት?

የለበትም። ሰው የሚቀመጥበት፣ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት ቦታ ይታጨድ። ሌላው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ አበባው ዘሩን ካራገፈ በኋላ ቢታጨድ ይበቃዋል። ንብና ቢራቢሮ ይመጣሉ፣ ወጪም ይቀንሳል። የታጨደውን ማንሳት ግን ያስፈልጋል። እዚያው ከበሰበሰ አፈሩን ያዳብራል፣ በለም አፈር ደግሞ ጉልበተኛ ሳር የዱር አበባውን ያፍነዋል።

«ተረሳ እንዴ ይሄ ቦታ?» የሚል ቅሬታ ይመጣል። በመንገዱ ዳር አንድ ሜትር ያህል አጭር አድርጋችሁ እጨዱ። ሰው ጠርዙ ተስተካክሎ ሲያይ ውስጡ ሆን ተብሎ እንደተተወ ይገባዋል።

ኩሬውና ቦዩ ምን ዓይነት ክትትል ይፈልጋሉ?

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የዝናብ ውሃ ማቆያ ኩሬ ስራው ጎርፍን ለጥቂት ሰዓት ይዞ ቀስ እያለ መልቀቅ ነው። ደለል ሲሞላው የሚይዘው ውሃ ያንሳል። ኩሬው ግን አሁንም ኩሬ ስለሚመስል ማንም አያስተውልም። የሚያስተውሉት ታች ያሉት ቤቶች ናቸው፤ ውሃው ሳሎናቸው ሲገባ።

ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ የመግቢያውና የመውጫው አፍ ይታይ። ፌስታልና ቅጠል ይነሳ። የደለሉ ከፍታ በዓመት አንዴ ይለካና ይመዝገብ። ኩሬ ውስጥ በተተከለ ዘንግ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ደለሉን በማሽን ማውጣት በየስንት ዓመቱ አንዴ የሚመጣ ትልቅ ወጪ ስለሆነ ገንዘቡ ከአሁኑ ይጠራቀም። ለማሽኑም መግቢያ መንገድ ይተው። ይህ መንገድ ተረስቶ ኩሬው ዙሪያውን በቤት የሚታጠርበት ጊዜ አለ።

ኮፐንሃገን በሐምሌ 2011 በጥቂት ሰዓት ውስጥ በጣለ ዶፍ ዝናብ ተጥለቀለቀች። ከዚያ በኋላ ባወጣችው እቅድ ፓርኮችንና አደባባዮችን ጭምር የውሃ ማቆያ እንዲሆኑ አድርጋ እየሰራች ነው። ሲንጋፖር ደግሞ በቢሻን ፓርክ 2.7 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የኮንክሪት ቦይ አፍርሳ 3.2 ኪሎ ሜትር የሚጠማዘዝ ወንዝ አድርጋዋለች። በደህናው ቀን ሰው ዳሩ ላይ ይቀመጣል። ሲዘንብ ወንዙ ሜዳው ላይ ይሰፋል፤ ሰው እንዲወጣም ማስጠንቀቂያ አለ። አንድ መሬት ሁለት ስራ ሲሰራ ለጥገናው ገንዘብ መጠየቅም ይቀላል። የጎርፍ በጀት ከአበባ በጀት የበለጠ ሰሚ አለውና።

የልጆች መጫወቻውስ?

የአውሮፓው መመዘኛ ሦስት ዓይነት ፍተሻ ይጠይቃል። በዓይን የሚታየው ቶሎ ቶሎ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ በየቀኑ። ብሎንና መጋጠሚያው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ። ሙሉ ምርመራው በዓመት አንዴ። የተሰበረ ዥዋዥዌ እስኪጠገን ይፈታ ወይም ይታሰር። «አትጠቀሙ» የሚል ወረቀት የአምስት ዓመት ልጅ አያነብም።

ቦታው ቀስ በቀስ እየተያዘ ነው። ምን እናድርግ?

መጀመሪያ አንድ መኪና ይቆማል። ከዚያ ጠጠር ይፈስስበታል። ከዚያ ቆርቆሮ። አጥርም በየእድሳቱ አንድ ሜትር ወደ ሜዳው ይገፋል። ማንም በአንድ ቀን ፓርክ አይወስድም።

መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛው መዝገብ። የታተመ ካርታ፣ የወሰን ድንጋይ፣ በዓመት አንዴ ከተመሳሳይ ቦታ የሚነሳ ፎቶ። ፎቶው ክርክሩን ያሳጥረዋል። ሁለተኛው አገልግሎት ነው። ሰው የሚመላለስበት ቦታ አይወረርም። እግረኛ የሚያቋርጠው መንገድ፣ ጥላ ያለው ወንበር፣ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ሺህ ዘበኛ አለው። ባዶ ሆኖ የቆመ አረንጓዴ ግን «ምን ይሰራል?» የሚል ጥያቄ ይጋብዛል።

ትልቁ ወረራ ግን አንዳንዴ ከላይ ነው የሚመጣው፤ ሜዳው ላይ ሌላ ህንጻ ለመስራት ሲወሰን። ለዚህ መፍትሄው ህጋዊ ነው። በእንግሊዝ ከ1925 ጀምሮ ያለው ፊልድስ ኢን ትረስት የተባለ ድርጅት ከባለቤቶች ጋር ቦታው ለመዝናኛ ብቻ እንዲቆይ የሚያስር ውል ይፈርማል። ባለቤቱ ቢቀየርም ውሉ መሬቱን ይከተላል። ዋናው እሱ ነው፤ ሰው ያልፋል፣ ውሉ ከመሬቱ ጋር ይቆያል።

አልሚው «ለህዝብ ክፍት ነው» ብሎናል። ማመን እንችላለን?

በጽሁፍ ከሆነና የሚቆጣጠረው ካለ። ኒውዮርክ ከ1961 ጀምሮ አደባባይ ለህዝብ ለሚሰጡ ገንቢዎች ተጨማሪ ወለል እንዲሰሩ ፈቅዳለች። ወለሉ ተሰርቷል፣ ተከራይቷል። አደባባዩስ? በ2017 የከተማዋ የሂሳብ ተቆጣጣሪ (ኮምፕትሮለር) ባወጣው ኦዲት ከቦታዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የገቡትን ግዴታ አላከበሩም። አንዳንዱ ዝግ ነው፣ አንዳንዱ ወንበሩ ጎድሏል። ገንቢው ጥቅሙን በአንዴ ወሰደ፤ ህዝቡ ግን የራሱን ድርሻ በየቀኑ መጠየቅ ይኖርበታል። የሚቆጣጠር ሰው በስም ካልተመደበ ቃሉ ቀስ በቀስ ይሟሟል።

ነዋሪዎች ራሳችን ብንይዘውስ?

ይቻላል። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙት ሰዎች የጋራ ሀብትን ያለ መንግስትና ያለ ግል ባለቤት እንዴት ለረጅም ዘመን ይዘው እንደሚቆዩ በማጥናታቸው ነው። የግጦሽ መሬት፣ መስኖ፣ ዓሣ ማስገሪያ አይተዋል። የተሳካላቸው የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። ወሰኑ ግልጽ ነው። ደንቡን ያወጡት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። የሚከታተል ሰው አለ። ጥፋት ሲኖር ቅጣቱ በትንሹ ጀምሮ ነው የሚያድገው። ጸብ የሚፈታበት ቅርብና ርካሽ መንገድ አለ።

እነዚህን ወደ መንደር ሜዳ ማምጣት አይከብድም። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ አትመኩ። ዘመቻ ለመትከል ጥሩ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ቦይ የሚጠርግ ግን ደመወዝ ያለው ሰው ነው። ያንን ሰው አክብሩት፣ አታለዋውጡት። የኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ከተጎሳቆለበት ያገገመበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ1980 የተቋቋመው ሴንትራል ፓርክ ኮንሰርቫንሲ ፓርኩን በ49 ክፍል ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ተጠያቂ አትክልተኛ መደበ። የእኔ የሚለው ቦታ ያለው ሰው ሳይነግሩት ያያል። የትኛው ዛፍ እንደታመመ፣ የትኛው ወንበር እንደላላ፣ ማን በየቀኑ እንደሚመጣ ያውቃል።

የእኛ ቦታ ከተበላሸ ቆይቷል። ከየት እንጀምር?

ባለቤቱን በማወቅ። ካርታና የይዞታ ሰነድ ፈልጉ። ሦስት አራት ሰው ሆናችሁ፣ አንድ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ ይዛችሁ፣ ቦታውን በእግር ዙሩ። ያያችሁትን በሦስት ክፍል ጻፉ፤ ሰው ሊጎዳ የሚችለው፣ ካልተነካ የሚብሰው፣ ሊቆይ የሚችለው። የተሰበረ ዥዋዥዌና የተከፈተ ማንሆል ይህን ሳምንት። የተደፈነ ቦይና ያልተፈታ የዛፍ ገመድ ይህን ወር። ወንበርና አበባ ከዚያ በኋላ።

ከዚያ ከሁሉም ቦታ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ጨርሱት። ሰው ብዙ የሚያልፍበት ቢሆን ይመረጣል። አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ጥግ ሳታቋርጡ ያዙ፣ የወጣውን ገንዘብም በደረሰኝ መዝግቡ። በሚቀጥለው ስብሰባ ለሌላው ቦታ ገንዘብ ስትጠይቁ ፎቶውንና ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት።